የእትዬ ዘነበች መድረክ

የእትዬ ዘነበችን ሞት የሰማሁት፣ እሳቸው በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ ወዲያው ደውለው በሚያስቀይሩት ርዕስ ነው። ስልኬ ላይ ባለው የእንስሳት ጤና መድረካችን ላይ "ከባድ ሐዘን" ይላል። ሌላ ምንም የለም። ማን እንደሞተ፣ የት፣ ቀብሩ መቼ እንደሆነ አይታወቅም። ቁርሴን አቋርጬ ከፈትኩት። መጀመሪያ ሰላምታ አለ፤ ከዚያ ስለ ሰው ልጅ አላፊነት አራት መስመር፤ ከዚያ ለፈጣሪ ምስጋና። ስማቸው ብቅ ያለው ሰባተኛው መስመር ላይ ነው። "የመድረካችን እናት" ብሏቸዋል የጻፈው ሰውዬ፣ በዴሳ ከተማ ያለ አንድ ከብት አድላቢ።

ደነገጥኩ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቼ ትንሽ ተቀመጥኩ፤ ዓይኔም እንባ አቀረረ። እስከዚህ ድረስ ማንም የሚሆነው ነው። ከዚያ ስልኩን መልሼ አነሳሁና ከሥሩ የተደረደረውን የሐዘን መልእክት ማየት ጀመርኩ። ከቤሌ ጽፈዋል፣ ከዱቦ ጽፈዋል፣ ስማቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው ሰዎች ጽፈዋል። ወደ ታች ባንሸራትት ባንሸራትት አያልቅም። እኔ መድረኩን የከፈትኩ ዕለት የመክፈቻ መልእክቴን ስለጥፍ ሦስት ሰው ነው የመለሰልኝ፤ አንዷ ባለቤቴ ናት። እና ቀናሁ። በሞተ ሰው የሚቀና አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር። አለ፤ እኔ ነኝ።

ማርቆስ እባላለሁ። ሶዶ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ገበሬው ዶክተር ይለኛል። ዶክተር አይደለሁም፤ ግን አላርምም።

መድረኩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ይህችን እንኳ ማንም አይክደኝ። የኮምፒውተር ሥራ የሚያውቅ ጓደኛዬን ለምኜ ነው ያሠራሁት። አሠራሩ ቀላል ነው። ስልክህ ላይ ትከፍተዋለህ፤ ከላይ ለርዕስ የምትሆን አንዲት ጠባብ ቦታ አለች፣ ከሥሯ ለዝርዝሩ ሰፊ ቦታ። ከብቱ የታመመበት ይጽፋል፣ የሚያውቅ ይመልሳል፣ ሌላው እያነበበ ይማራል። ዝርዝሩ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ርዕሱ ብቻ ነው፤ ካልከፈትከው ውስጡን አታይም። ሰዎቻችን ግን ያችን ጠባብ ቦታ እንደ ሰው ደጃፍ ነው ያዩዋት። ደጃፍ ላይ ደግሞ ሰላም ይባላል እንጂ ጉዳይ አይነገርም። ስለዚህ አንዱ ርዕስ በወላይትኛ ሰላምታ "ሳሮ ሳሮ ወገኖቼ" ይላል፤ ሌላው "ጌታ ይባርካችሁ"። የቸኮለው "እርዱኝ" ይላል፤ የባሰበት "አስቸኳይ"፤ ከእሱ በኋላ የመጣው "ከሁሉም አስቸኳይ"። ጠዋት ስትከፍተው ከላይ እስከ ታች ሰላምታና ጩኸት ነው።

እኔም ጠዋት ጠዋት እገባለሁ፣ ዓይኔ ያረፈበትን ሁለት ሦስቱን እከፍታለሁ፣ የበሽታውን ሳይንሳዊ ስም ጨምሬ መልስ እሰጣለሁ። "ተባረክ ዶክተር" ይሉኛል። ደስ ብሎኝ እወጣለሁ። ያልከፈትኳቸው ውስጥ ምን እንዳለ አስቤው አላውቅም።

እትዬ ዘነበች የመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። እኔ ስቀጠር እዚያች ክፍል ውስጥ ሃያ ምናምን ዓመት ተቀምጠዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሹራባቸውን በሙቀትም የማያወልቁ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ናቸው። የጽዳት ሠራተኛዋንም፣ ኃላፊውንም፣ ደብዳቤ ይዞ የሚመጣውንም ሁሉ እርስዎ ነው የሚሉት። ደብዳቤው ላይ ጉዳዩ ካልተጻፈ ቁጥር አይሰጡም። ባለጉዳዩን አያባርሩም፣ አይቆጡም፤ ወንበር ይስቡለትና እስክሪብቶ ያቀብሉታል።

"ጉዳዩ ምንድን ነው? እዚህች ጋ ይጻፉልኝ" ይሉታል።

"ውስጡ አለ እኮ፣ ያንብቡት።"

"እኔማ አነባለሁ። ኃላፊው ግን ከላይ አይቶ ነው ለማን እንደሚመራው የሚወስነው።"

አንድ ቀን ጠዋት ያገለገለ ፋይል በብብታቸው ይዘው ቢሮዬ መጡ። ሥራ አቋርጬብዎ እንደሆነ ብለው ይቅርታ ጠየቁ። ከፋይሉ ውስጥ በማስመሪያ የተሰመረ ወረቀት አውጥተው ፊቴ ዘረጉት። ስም፣ ቦታ፣ የጠየቀው ጉዳይ፣ መልስ ይላል። የመጨረሻው ዓምድ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው።

"እነዚህ ሰዎች መልስ አላገኙም" አሉ።

"ምንድን ናቸው እትዬ?"

"መድረክዎ ላይ የጻፉ ናቸው። በምሳ ሰዓቴ እያነበብኩ ነው የሰበሰብኳቸው።"

"ሁሉንም አነበቡት?"

"ደብዳቤ እኮ ነው አቶ ማርቆስ። ደብዳቤ ገብቶ ሳይታይ ይቀመጣል?"

የመጀመሪያዋ መስመር ላይ ያለችው የቤሌ ሴት ናት። ዶሮዎቿ አንገታቸውን እያጣመሙ ይሞቱባታል። ርዕሷ "ሰላም ለሁላችሁ" ነው፤ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ርዕሱ ላይ ፈንግል ብላ ብትጽፍ ኖሮ አይቼው እመልስላት ነበር አልኳቸው። ልክ ነው አሉና መነጽራቸውን አወለቁ።

"ማን ነግሯት?" አሉ። "ደውዬላት ነበር። ዶሮዎቹ አልቀዋል።"

ነገሩን ሲናገሩ ወቀሳ የለበትም፤ ይህ ነው የባሰ የሚያናድደው። ከእኔ ራስ ላይ ይውረዱልኝ ብዬ አድሚን አደረግኳቸው፤ ርዕስ ለማስተካከል የሚያስችለውን ፈቃድ ሰጠኋቸው ማለት ነው። ሳምንት ሞክረው የሚሰለቻቸው መስሎኝ ነበር።

አልሰለቻቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በምሳ ሰዓት መዝገብ ቤቱ ደጃፍ ያለፈ ሰው ድምፃቸውን ይሰማል። የሚያውቁት አንድ ጣት ነው፣ የቀኝ ሌባ ጣት፤ በእሷ እየለቀሙ ይጽፋሉ። ግን ከመጻፋቸው በፊት ይደውላሉ።

"ሃሎ፣ ከመድረኩ ነው የምደውለው። ዘነበች እባላለሁ። አስቸኳይ ብለው ጽፈዋል። በሬ ነው ላም? እሺ። ምን ይሆናል? ከመቼ ጀምሮ? የት ነዎት? እሺ፣ አሁን ላነብልዎት ነው፤ ልክ ካልሆነ ይንገሩኝ። 'በዴሳ አጠገብ፤ የሚደልብ በሬ ከትናንት ጀምሮ ግራ ሆዱ ተነፍቷል፣ አያመሰኳም።' ልክ ነው? ሰላምታዎ ከሥሩ ተቀምጧል፣ አልጠፋም።"

ባለቤቱ እሺ ሳይል አንዲት ቃል አይለውጡም። ርዕሱ የሰው ነው፣ ሳልጠይቅ አልነካም ይሉ ነበር። አማርኛው የሚከብደውን በወላይትኛ ያናግሩታል፤ ከዚያ በሁለቱም ይጽፉለታል። በሰው ጥያቄ ሥር የራሱን ጥያቄ የደነቀረውን ደውለው አዲስ ቦታ ያስከፍቱታል። ሳምንት ሲሞላ ደግሞ መልሰው ይደውላሉ፤ በሬው እንዴት ሆነ ብለው። የሰሙትን ርዕሱ ጫፍ ላይ ይጨምራሉ፤ "ዳነ" ወይም "ሞተ"። የሞተውን ለምን ይጽፉታል፣ ሰው ያስፈራል አልኳቸው አንድ ጊዜ። የሞተበት ሰው የሞከረውን ሌላው እንዳይደግመው ነው አሉ።

መድረኩ ሰው ሆነ። ጠዋት ስከፍተው ምኑ የእኔ ሥራ እንደሆነ፣ ምኑ የዶሮ ባለሙያው እንደሆነ ገና ከላይ ይታየኛል። ያልተመለሰ ጥያቄ ጠፋ። እኔ ግን አንጀቴ እያረረ ሄደ። ምክንያቱም ሰዉ ስም አወጣለት፤ "የእትዬ ዘነበች መድረክ"። እሳቸው ላም አያክሙ፣ በግ አይከትቡ፤ ሕክምናውን የምናውቀው እኛ ነን፣ እሳቸው ርዕስ ነው የሚያወጡት። በዴሳ ገበያ ለክትባት ሥራ ስሄድ አንድ ደላላ ለጓደኛው ሲያስተዋውቀኝ "ከእትዬ ዘነበች ጋር የሚሠራው ልጅ" አለኝ። ልጅ! ከዚያ አንዲት እናት ግማሽ ኬሻ አቮካዶ አሸክማ ለእሳቸው አድርስልኝ አለችኝ። ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ እስከ ሶዶ አመጣሁት። መንገድ ላይ ሁለቱን በላሁባቸው። ትልልቆቹን መርጬ ነው።

እንዲህ አድርጎኝ ነው እንግዲህ ያንን ቀልድ የቀለድኩት። አንድ የገጠር ሰው "ላሙ ወልዶ መቆም አቃተው" ብሎ ጻፈ። አካባቢያችን ላይ አማርኛ ለብዙ ሰው ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ እኔም እናቴ ቤት በወላይትኛ ነው ያደግኩት፤ እንደዚህ ያለ ነገር በየቀኑ እሰማለሁ። ግን ሳቅ ፈለግኩ። "ላሙ ከወለደማ ለጋዜጣ ይነገር" ብዬ መለስኩለት። የከተማ ልጆች የሳቅ ምልክት አዘነቡልኝ። ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር ያን ያህል ሰው ካየኝ፤ ደስ አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ የውስጥ ስልክ ጮኸ። አንድ ጊዜ መዝገብ ቤት ብቅ እንድል ነው። ስገባ በሩን ዘጉት፤ እሳቸው በር ሲዘጉ አይቼ አላውቅም።

"ሰውዬው ጽሑፉን አጥፍቶታል" አሉ።

"ቀልድ ነው እኮ እትዬ።"

"አውቃለሁ። ላሟ ግን እንደተኛች ናት። እኔ ብደውል አያነሳም። እርስዎ ይደውሉለት።"

"እኔን ደግሞ ያነሳልኛል?"

"እስኪያነሳ ነዋ።"

የምገባበት ጠፋኝ። እዚያው ፊታቸው ቆሜ ደወልኩ። በአራተኛው አነሳ። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ከሰዓት በኋላ በሞተር ሄጄ ካልሲየም ሰጠኋት፣ ላሟም ተነሳች። በጭቃ እስከ ጉልበቴ ነው የገባሁት። በማግስቱ ሰውዬው መድረኩ ላይ ምን ቢጽፍ ጥሩ ነው? "እትዬ ዘነበች ዶክተር ልከውልኝ ላሙ ተነስቷል፤ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣቸው።" ጭቃው የእኔ፣ ዕድሜው የእሳቸው። ቡትሴን እየጠረግሁ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የመድረኩ ወሬ ሲሰማ ኃላፊያችን የአጻጻፍ ደንብ ይዘጋጅና ለሌሎች ወረዳዎች ሥልጠና እንስጥ አለ። ለእኔና ለእትዬ ዘነበች በቃል ነው ያዘዘን። እኔ ዛሬ ነገ ስል እሳቸው ጽፈው ጨረሱ። መጀመሪያ ባገለገለ ወረቀት ጀርባ በእጃቸው ጻፉት፤ ከዚያ ጸሐፊዋ ምሳ ስትወጣ ኮምፒውተሯ ላይ ቁጭ ብለው በዚያች ጣታቸው ለቀሙት። ሁለት ገጽ ነው። አንዲት ቃል አላዋጣሁበትም። አትመው አመጡልኝ፤ ከታች "አዘጋጅ" ይልና ባዶ መስመር አለ።

በመሥሪያ ቤት ልማድ ጽሑፍ ያዘጋጀ ሁሉ ስሙን አያስገባም። ጸሐፊ ትጽፋለች፣ መዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጣል፣ ባለሙያ ይፈርማል። ሁላችንም በዚህ ነው ያደግነው፤ ማንም ክፉ ነገር ነው ብሎ አያስበውም።

"እዚህ ላይ ማን ይግባ?" አልኳቸው።

"በደንቡ ባለሙያ ነው የሚገባው" አሉ። "መዝገብ ቤት ይመዘግባል እንጂ አያዘጋጅም።"

ብለው አልሄዱም። ትንሽ ቆሙ። የማኅተሙን ቀለም ከጣታቸው ላይ እየፈገፈጉ ጠረጴዛዬን ያዩ ነበር። ያቺ መቆም ምን እንደነበረች ያን ጊዜም ገብታኛለች፤ አልገባኝም ብል ውሸት ነው። እትዬ፣ እርስዎ ያዘጋጁት ነው፣ የእርስዎን ስም እናስገባ ብል ማን ይከለክለኝ ነበር? እስክሪብቶዬን አውጥቼ በቁም ጽሕፈት ሙሉ ስሜን ከነአያቴ ጻፍኩበት።

ሥልጠናው ሶዶ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ነበር። ከየወረዳው ባለሙያዎች መጥተዋል። ሙሉ ልብስ ለብሼ ወጣሁና ደንቡን አነበብኩ። ርዕሳችሁን ያየ ሰው ሳይከፍተው ማን መነሳት እንዳለበት ይወቅ፣ አልኩ። የእንስሳውን ዓይነት፣ ቦታውን፣ ያያችሁትን ምልክት ጻፉ፤ በሽታው ይህ ነው ብላችሁ አትገምቱ። አስቸኳይ የምትለዋን ቃል ተዉአት፣ የታመመበት ሁሉ ቸኩሏል። አንድ ጥያቄ በአንድ ቦታ። መልስ ያገኘ ሰው ተመልሶ ምን እንደሆነ ይንገር። ማንም በማንም አጻጻፍ አይሳቅ። ይህችን የመጨረሻዋን ቶሎ ብዬ አለፍኳት፤ ለምን እንደተጻፈች አውቃለሁና። አዳራሹ አጨበጨበ።

ሻይ ሰዓት ላይ የሥልጠናው አስተባባሪ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

"እንዲህ ያለ ነገር ከየት መጣልህ?" አለኝ።

"ከልምድ" አልኩ።

እትዬ ዘነበች ሁለት እርምጃ ርቀው የውኃ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ እየደረደሩ ነበር። ሰምተዋል። ጠርሙሶቹን መደርደር አላቋረጡም። ዕቃ ሲሰበሰብ አጠገቤ መጡ፤ አሁን ይነግሩኛል ብዬ ወረቀቴን ማጣጠፍ ጀመርኩ።

"ስለ ሰላምታው ያለውን ዘለሉት" አሉኝ።

"የቱን?"

"ሰላምታ ከርዕስ ወደ ውስጥ ይውረድ እንጂ አይሰረዝ የሚለውን። ሰው ሰላም ብሎ ሲሰርዙበት ያዝናል።"

"ሰዓት አጥሮ ነው እትዬ።"

"ይሁን። ለእኔ ግን እሱ ነበር ዋናው።"

ሌላ ምንም አላሉም። ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ። ቢጮሁብኝ እገላገል ነበር። ደንቡ ከስሜ ጋር ወረዳ ለወረዳ ዞረ፤ አንዳንድ ቦታ ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። ባየሁት ቁጥር መጀመሪያ ደስ ይለኛል፣ ቀጥሎ ያመኛል፤ ሁልጊዜ በዚያው ቅደም ተከተል። አንድ ቀን እነግራቸዋለሁ፣ በሰውም ፊት አስተካክለዋለሁ አልኩ። ይህን ስል እሳቸው ጡረታ ወጡ።

ከጡረታው በኋላ ሕመም መጣ። ዱቦ አጠገብ ወደሚኖረው ወንድማቸው ቤት ገቡ። ወንድማቸው ጋሽ ጴጥሮስ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። እዚያም ሆነው መድረኩን አልተዉም፤ ርዕሶቹ እንደወትሮው ጥርት ብለው ይወጣሉ። ሕመማቸው ጠንከር ማለቱን ስሰማ ልጠይቃቸው ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር ስለማመድ ነበር፤ እትዬ፣ ያ ደንብ የእርስዎ ነው፣ ስሜን ማስገባት አልነበረብኝም። አጭር ናት። ሚኒባስ ውስጥ ከአሥር ጊዜ በላይ ብያታለሁ።

ስገባ አልጋ ላይ ተደግፈው ስልክ ይዘው ነበር። በእጃቸው ቁጭ ይበሉ አሉኝ። ከቤሌ አንድ ሰው ነው መስመር ላይ ያለው፤ ፍየሏ ምን እንደበላች እየጠየቁት ነው። ጎረቤት ይገባል፣ ጎረቤት ይወጣል፤ አንዷ አጥሚት ይዛ መጣች፣ አንዱ ከገጠር እርሳቸውን ሊያይ ብቻ በእግሩ መጥቶ በር ላይ ቆሟል። እኔ ያመጣሁት ሙዝ ከሌሎች ሰባት ዘለላ ሙዞች አጠገብ ተቀመጠ። ያኔ የለመድኩት ቅናት ተነሳብኝ። ሰው ሁሉ የእሳቸው ነው። ፍቅሩ የእሳቸው፣ ምርቃቱ የእሳቸው። ሁሉ ነገር እያላቸው ይቺ አንዷ ወረቀት ለእኔ ብትቀር ምን ይጎድልባቸዋል?

ስልኩን ዘጉና ወደ እኔ ዞሩ።

"ደንባችንን ሌሎች ወረዳዎችም ወሰዱት አሉ። እንኳን ደስ አለዎት" አሉኝ።

ፊታቸው ላይ ሽሙጥ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ደንባችን ነበር ያሉት። ዓረፍተ ነገሬ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች።

"አመሰግናለሁ" አልኩ።

ሻይ ጠጣሁ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ወጣሁ። በሕይወት ያየኋቸው ለመጨረሻ ጊዜ ያን ቀን ነው።

ቀብራቸው ከዱቦ ዝቅ ብሎ ባለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነበር። የቆሙትን ሞተሮች መቁጠር ጀመርኩ፤ አርባ ላይ ተውኩት። ከየወረዳው፣ ከየገጠሩ መጥተዋል፤ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም፣ ግን ስም ሲለዋወጡ ከመድረኩ ይተዋወቃሉ። የበሬው ሰውዬ አንተ ነህ እንዴ፣ ይባባላሉ። እኔ ስሞት ስንት ሰው ይመጣ ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ ሬሳው ፊቴ ተቀምጦ።

መዘምራኑ ሲጨርሱ ጋሽ ጴጥሮስ ወደ እኔ መጣ። በእጁ አንድ ወረቀት ይዟል።

"ማርቆስ፣ የሕይወት ታሪኳን አንብብልን" አለኝ። "የእኔ ድምፅ ዛሬ አይወጣም።"

ተነስቼ አነበብኩ። የተወለዱበትን፣ የተማሩበትን፣ የተቀጠሩበትን ዓመት። ከዚያ እንዲህ የሚል መስመር ላይ ደረስኩ፤ "በባልደረባቸው በአቶ ማርቆስ የተዘጋጀውን የአጻጻፍ ደንብ በትጋት በማስፈጸም ብዙ ወገኖችን አገልግለዋል።" ቆምኩ። ሕዝቡ ሐዘን ይዞኝ መስሎት ጠበቀኝ። ዛሬ ካላልኩት መቼም አልለውም።

"እዚህ የተጻፈው ስህተት ነው" አልኩ። "ያንን ደንብ እኔ አላዘጋጀሁትም። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው የጻፉት እትዬ ዘነበች ናቸው። እኔ ስሜን ብቻ ነው ያስገባሁበት። ከየት መጣልህ ብለው ሲጠይቁኝም የእኔ እንደሆነ አድርጌ ነው የተናገርኩት።"

ደረቴ ቀለለኝ፤ ለዓመታት የተሸከምኩትን አወረድኩ ብዬ ልቀመጥ ስል ከወደ ኋላ አንዲት ሴት አለቀሰች። ሌሎችም ተከተሉ። ወንጌላዊው ከመቀመጫው ተነሳ።

"አያችሁ ወገኖች" አለ። "የራሱን የድካም ፍሬ ለሟች ሰጠ። በዚህ ዘመን ክብርን ለሌላ የሚያስተላልፍ ሰው ከየት ይገኛል?"

"አሜን" አለ ሕዝቡ።

"ኧረ አይደለም" አልኩ፤ "እውነቴን ነው።" ድምፄ በዝማሬው ተዋጠ። ጋሽ ጴጥሮስ መጥቶ አቀፈኝ፤ ጉንጩ እርጥብ ነው።

"ለእህቴ ብለህ ነው፤ ገብቶኛል" አለኝ ጆሮዬ ላይ።

"ጋሼ፣ የተናገርኩት እውነት ነው። የእሳቸው ሥራ ነው።"

"ያንን መስመር እኮ እሷ ራሷ ናት አልጋ ላይ ሆና ያስጻፈችኝ። እኔ ዘልዬው ነበር። 'የሰውዬው ስም ያለበት ነገር ነው፣ አትዝለለው' አለችኝ። ከእሷ አፍ የሰማሁትን አንተ ልታስክደኝ ነው?"

ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ክብራቸውን ልመልስላቸው ተነስቼ ጭራሽ ጨምሬ ወሰድኩባቸው። ቀብሩ ሲያበቃ ሰው ሁሉ ወደ እኔ መጣ። የበዴሳው አድላቢ መጣ፣ የላሟ ባለቤት መጣ፣ ከቤሌ የመጡት መጡ። ተራ ይዘው እየመረቁ እጄን ጨበጡኝ። ሁሉንም ጨበጥኩ።